የስም ምልክትና የግስ አመልካችነት፤ ከአምደወርቅ እስከ ፊሊፒንስ

በዋግ ኽምራ፣ በአምደወርቅ ሰዋስው የማስተምር እንደ መሆኔ፣ ባለቤትና ተሳቢ በቦታቸው ብቻ ይለያሉ የሚለውን አሳብ ደጋግሜ እሰማለሁ። ነገር ግን «ገበሬው በሬውን ገዛው» ብንልም «በሬውን ገበሬው ገዛው» ብንልም ገዥው የማይለወጠው፣ በተሳቢው ላይ የተቀጸለችው «ን» እንደ ማኅተም ሆና ስለምትለየው ነው። በሬው ያልታወቀ ሲሆን «በሬ ገዛ» ብለን እናስቀራታለን፤ ቅጽል ሲቀድመውም «ትልቁን በሬ» እያልን ለቅጽሉ እንሰጣታለን። በግዕዝ ደግሞ የተሳቢው የመጨረሻ ሳድስ ወደ ግዕዝ ፊደል ይመለስና «ቤት» የነበረው «ርእየ ቤተ» ይሆናል፤ ይኸው መልክ በ«ቤተ መቅደስ» ለዘርፍ ማገልገሉ ጀማሪውን ሳያደናግር አይቀርም። በአካባቢያችን የሚነገረው ኽምጣና፣ ከአገው ወገን ቢሆንም፣ እንደ አማርኛ ግሱን በመጨረሻ ያኖራል።

ፊሊፒንኛ ግን ግሱን አስቀድሞ ምልክቱን ከስሙ ፊት ያቆማል። «ቡሚሊ አንግ ባባኤ ናንግ ኢስዳ» ሲል «ሴቲቱ ዓሣ ገዛች» ማለቱ ነው፤ «ቢኒሊ ናንግ ባባኤ አንግ ኢስዳ» ሲል ግን «አንግ» ወደ ዓሣው ይዛወራል፣ ግሱም መልኩን ለውጦ የነገሩ ዋና ዓሣው መሆኑን ይመሰክራል። ይህን «ተገዛ» ብለው የሚፈቱትን አልከተልም፤ አድራጊዋ ሴት ከነክብሯ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አለችና። ለማን እንደ ተገዛ ወይም ከማን እንደ ተገዛ የሚያመለክቱም የግስ ቅርጾች አሉት፤ የእኛም ግስ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ሲል የተጠቀመውንና የተጐዳውን በአንዲት ምዕላድ ይለያል።