ተረትና እውነታ፦ ቢሉን ያናረው ምጣዱ አይደለም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን ወይም ጀርመንታውን ውስጥ ቤት የሚፈልግ አበሻ በቃሉ የሚይዛቸው ቁጥሮች አሉት፤ የቤቱ ዋጋ፣ ዳውን ፔይመንቱ፣ የሞርጌጁ ወለድ። እቁቡ የሚደርስበት ወር ሳይቀር ተሰልቷል። ቤቱ ባለፈው ጃንዋሪ ስንት ኪሎዋት ሰዓት መብራት፣ ስንት ቴርም ጋዝ እንደበላ ሻጩን የሚጠይቅ ግን ብርቅ ነው። ባዶውን ቦታ የሞላው ቡና ላይና ቤት ምርቃት ላይ የሚወራው ነው፤ ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ተረት። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የሜሪላንዱን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ይዘን አንድ በአንድ እንየው።

«ባንኩ ካጸደቀልኝ አቅሜ ይችለዋል»

ባንክ የሚያሰላው ብድሩን፣ ወለዱን፣ የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱንና ካለም የኤችኦኤ ክፍያውን ነው። በዚያ ላይ የመኪናና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ይደምርና ከገቢዎ ጋር ያስተያየዋል። መብራት፣ ጋዝና ውሃ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም። ለየት የሚለው ለቀድሞ ወታደሮች የሚሰጠው የቪኤ ብድር ነው፤ እዚያ አበዳሪው ለጥገናና ለዩቲሊቲ በየወሩ በስኩዌር ፉት 14 ሳንቲም ይይዛል። ለ2,000 ስኩዌር ፉት ቤት በወር 280 ዶላር መሆኑ ነው። ሸካራ ግምት ነው፤ የቤቱን ዕድሜም ሆነ የማሞቂያውን ዓይነት አይለይም። ቢሆንም ምንም መረጃ በእጁ ለሌለው ገዢ ከዜሮ ይሻላል።

«ሻጩ በወር 180 ዶላር ነው የምንከፍለው ብሎኛል»

ሻጩ ላይዋሽ ይችላል። ችግሩ 180 የሚለው ቁጥር ሦስት ነገር ባንድ ላይ የተቋጠረበት መሆኑ ነው፤ ቤቱ የሚበላው፣ ሰዎቹ የሚበሉት፣ እና የጊዜው ዋጋ። እርስዎ የሚገዙት ቤቱን ብቻ ነው። ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ይሄዳሉ፣ ዋጋውም ባለበት አይቆምም።

ደግሞ «በጀት ቢሊንግ» የሚባል አሠራር አለ። ኩባንያው የዓመቱን ፍጆታ ገምቶ ለ12 ወር ያካፍለዋል፤ በብርዱ 400 ዶላር የሚደርሰው፣ በሜይ ደግሞ 90 የሚወርደው ቢል ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት መስሎ ይታያል። ስለዚህ ዶላሩን ይተዉትና ፍጆታውን ይዩ። መብራቱ በኪሎዋት ሰዓት፣ ጋዙ በቴርም፣ ውሃው በጋሎን ተጽፏል።

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ይህን ለማየት ሻጩን መለማመጥ አያስፈልግም። ከጃንዋሪ 2009 ጀምሮ ሲንግል ፋሚሊ ቤት የሚሸጥ ሰው፣ ታውንሃውስም ቢሆን፣ ውል ከመፈረሙ በፊት ያለፉትን 12 ወራት የመብራት፣ የጋዝና የማሞቂያ ዘይት ቢሎች ወይም የፍጆታና የወጪ ዝርዝሩን ለገዢው መስጠት አለበት። ሕግ ነው። ወረቀቱ ግን ከሌላው የፊርማ ጋጋታ ጋር በኢሜይል ይመጣና ኤጀንቱ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ሲል ሳይነበብ ያልፋል። ሕጉ ሁለት ቀዳዳም አለው። ኮንዶን አይጨምርም፤ ሻጩ ራሱ ያልኖረበትን ጊዜም አያስገድድም። አንድ ነጋዴ አሮጌ ቤት ገዝቶ፣ ወለሉንና ኩሽናውን አሳምሮ ሲሸጥልዎ የ12 ወር ታሪክ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ባለው ቤት ላይ የሚታመነው ሰው ኢንስፔክተሩ ነው፤ ጣሪያ ሥር ገብቶ እስኪያይ ይጠብቁት።

ዝርዝሩ ከተገኘ አነባበቡ ቀላል ነው። ማሞቂያም ኤሲም እምብዛም የማይሠራባቸው ወራት አሉ፤ ሜይ አንዱ ነው፣ ኦክቶበር ሌላው። በነዚያ ወራት የተቆጠረው በአመዛኙ የሰዎቹ ነው፤ ፍሪጁ፣ ምድጃው፣ ልብስ ማድረቂያው፣ ሙቅ ውሃው። ጃንዋሪና ጁላይ ላይ ከዚያ በላይ የተጨመረው ደግሞ የቤቱ ነው። ማሞቂያው በመብራት የሚሠራ ታውንሃውስ አለ እንበል፤ በሜይ 600፣ በጃንዋሪ 2,200 ኪሎዋት ሰዓት በልቷል። ልዩነቱ፣ 1,600ው፣ የብርዱ ነው። ጡረተኛ ባልና ሚስት ቢኖሩበትም አምስት ቤተሰብ ቢገባበትም ይህ ቁጥር ብዙ አይነቃነቅም። 600ው ግን ሦስት ልጆች ላሉት ቤት 1,000 ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አሁን ያሉበትን አፓርታማ የሜይ ቢል ያውጡና የሻጩን 600 በራስዎ ቁጥር ይተኩት። አፓርታማው ሙቅ ውሃውን በኪራይ ውስጥ የሚሰጥ ከሆነ ግን የርስዎ ቁጥር ከእውነቱ ያነሰ ነው፤ ከፍ ያድርጉት።

አንድ ነገር ብቻ ይህን ሒሳብ ያዛባዋል፤ ቴርሞስታቱ። ቤቱን በ64 ዲግሪ እያሳደረ የሚኖር ቆጣቢ ሻጭ ካጋጠመና ገዢው በ74 የሚኖር ከሆነ ልዩነቱ ኪስ ውስጥ ይሰማል። እናት ከአዲስ አበባ ለጥየቃ ሲመጡ ቴርሞስታቱ ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ የታወቀ ነው።

የቀረው ዋጋው ነው። ሜሪላንድን፣ ዲሲንና በዙሪያው ያሉ ስቴቶችን የሚያገናኘውን የመብራት መረብ የሚያስተዳድረው ፒጄኤም በጁላይ 2024 ባካሄደው ጨረታ፣ ኃይል ማመንጫዎች ዝግጁ ሆነው እንዲጠብቁ የሚከፈላቸው ዋጋ በአንድ ሜጋዋት በቀን ከ28.92 ዶላር ወደ 269.92 ዶላር ተሰቅሏል። ያ ዋጋ ከጁን 2025 ጀምሮ በየቤታችን ቢል ላይ ወርዷል። ከዚያ በፊት የተቆረጠ ቢል ይዞ «አምና ይህን ያህል ነበር» የሚል ሻጭ የሚያወራው ስላለፈ ዋጋ ነው። ኪሎዋት ሰዓቱን ይውሰዱና አሁን ባለው ዋጋ ራስዎ ያባዙት። ሻጩ ከአካባቢው የመብራት ኩባንያ ከፔፕኮ ሌላ አቅራቢ ጋር ርካሽ ውል ነበረኝ ቢልም ውሉ በስሙ ነው፤ ከቤቱ ጋር አይሸጥም።

«ቢሉን የሚያንረው ምጣዱ ነው»

ይህ ተረት በትዳር ውስጥ ሳይቀር ጭቅጭቅ አስነስቷል። እስቲ እናስላው። ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ የኤሌክትሪክ ምጣድ 1,500 ዋት ገደማ ነው። ከዚያ ብዙ ሊያልፍም አይችልም፤ 15 አምፒር ያለው የ120 ቮልት መስመር ጣሪያው 1,800 ዋት ነውና። አብሲቱ ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ቢጋገር፣ ምጣዱም ለአፍታ ሳያርፍ ቢግል፣ 3.75 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ኪሎዋት ሰዓቱን በ20 ሳንቲም ብንይዘው 75 ሳንቲም ነው። በወር አራት ጊዜ ቢጋገር 3 ዶላር። እንጀራ ከሱቅ የሚገዛ ሰው ይህን ሒሳብ ቢያይ ወደ ቡኮው ይመለሳል።

ጉዱ ያለው ማሞቂያው ላይ ነው። በብዙ ታውንሃውስ ውስጥ ያለው ሂት ፓምፕ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ከሁለት እስከ አራት ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይሰጣል፤ ምክንያቱም ሙቀቱን ራሱ አያመነጭም፣ ከውጭው አየር ስቦ ያስገባል። ሲያረጅ ወይም ብርዱ ሲጠና ግን በውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ያግዘዋል። ሽቦው 10 ኪሎዋት ቢሆንና በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ 80 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በዚያው በ20 ሳንቲም ስሌት በቀን 16 ዶላር። የአንድ ቀን ማሞቂያ የአምስት ወር እንጀራ ይጋግራል።

ስለዚህ ቤት ሲያዩ ኩሽናው ላይ ከማፍጠጥ በፊት ቴርሞስታቱ ጋ ይሂዱ። «ኢመርጀንሲ ሂት» የሚል ምርጫ ካለው ቤቱ በሂት ፓምፕ ይሞቃል፤ ዕድሜውን ይጠይቁ፣ ውጭ ያለው ማሽን ላይ የተለጠፈውንም ፎቶ ያንሱ። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱ ቴርሞስታት ካለውና ከመስኮት ሥር ግድግዳ ታክኮ ረጅም የብረት ሳጥን ከተዘረጋ፣ ያ ብዙ ጊዜ በቀጥታ በመብራት የሚግል ነው፤ የሂት ፓምፑ ብልሃት የለውም። ውጭ ከግድግዳው ሥር ሁለት ቱቦ ብቅ ብሎ ካዩ ዘይት ማሞቂያ ሊሆን ይችላል፤ የተለመደው በርሜል 275 ጋሎን ይይዛል፣ ክፍያውም በየወሩ ሳይሆን ቦቴው በመጣ ቁጥር ባንድ ጊዜ ነው።

«ቤዝመንቱን አከራይቼ ቢሉን እሸፍነዋለሁ»

ኪራዩ ሞርጌጁን ሊያግዝ ይችላል። ቢሉን በተመለከተ ግን ቆጣሪው አንድ ነው፣ ቴርሞስታቱም ብዙውን ጊዜ ፎቅ ላይ ነው። እርስዎ ፎቅ ላይ ሲሞቅዎት ተከራዩ ታች ይበርደዋል፤ ይበርደውና 1,500 ዋት የሚበላ ትንሽ ማሞቂያ ገዝቶ አልጋው አጠገብ ይተክላል። በቀን አሥር ሰዓት ቢያበራው 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 90 ዶላር ገደማ። «ዩቲሊቲ ተካቷል» ብለው ካከራዩት የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት።

ውሃውም ይጨምራል። በዚህ አካባቢ ውሃ የሚያቀርበው ደብሊውኤስኤስሲ በአማካይ የቀን ፍጆታ ላይ ተመሥርቶ በእርከን የሚያድግ ዋጋ ያስከፍላል። ሁለት ሰው ቤዝመንት ሲገባ ቤቱ ወደ ቀጣዩ እርከን ሊዘል ይችላል።

«ውሃ ምንም አይደለም»

ውሃው ላይሆን ይችላል፤ አብሮት የሚመጣው ነው። በገባው ውሃ ልክ የፍሳሽ ክፍያ ይሰላል፣ በላዩ ቋሚ ክፍያዎች አሉ። ታንከሩ የሚያፈስ አንድ ሽንት ቤት በቀን 200 ጋሎን ሊያባክን እንደሚችል የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ይገልጻል። በኢንስፔክሽኑ ቀን ታንከሩ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም ጠብ አድርጎ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ሳይለቀቅ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ያፈሳል።

ገዢውን የሚያስደነግጠው ግን ቢል ላይ የሌለው ነው። አዲስ በተሠሩ ሰፈሮች ቧንቧውን የዘረጋው አልሚ ወጪውን በግል ኩባንያ በኩል ከቤት ባለቤቱ በየዓመቱ፣ አንዳንዴ ለ20 እና ለ30 ዓመት፣ ይሰበስባል። «ፍሮንት ፉት» የሚሉት ነው። በሽያጭ ውሉ ውስጥ መገለጽ አለበትና ገጹን ይፈልጉት፤ መጠኑንና የሚያልቅበትን ዓመት ይጻፉ። ካውንቲው ለዝናብ ውሃ የሚሰበስበው ክፍያም ቢል ላይ ሳይሆን የንብረት ግብር ወረቀት ላይ ነው ያለው። የተሰላው በጣሪያና በተነጠፈ ግቢ ስፋት ስለሆነ ረጅሙ የመኪና መግቢያ ያስከፍላል።

«መስኮቱ ሁሉ አዲስ ነው»

ጥሩ ነው። ጣሪያ ሥርስ? የዚህ አካባቢ አየር ከ14 እስከ 20 ኢንች የሚደርስ ሽፋን ይፈልጋል፤ ስንት ኢንች እንደሚበቃ እንደ ሽፋኑ ዓይነት ይለያያል። ኢንስፔክተሩ ማስመሪያ ይዞ ይለካው። አራት ኢንች ብቻ ካለ አዲሱ መስኮት ለፎቶ ነው። በስፋት ብቻ መገመትም ያሳስታል፤ መሐል ላይ ያለ ታውንሃውስ ሁለት ግድግዳ ከጎረቤት ይጋራል፣ ተመሳሳይ ስፋት ያለው የጫፍ ቤት አንድ ብቻ።

«ኮንዶው ሁሉንም ያካትታል»

ያካተተው ነፃ አይደለም፤ ወርሃዊ ክፍያው ውስጥ ነው። በአሮጌ ሕንፃዎች አንድ ቦይለር ሁሉንም ያሞቃል፣ ቆጣሪውም የጋራ ነው። ጎረቤትዎ መስኮት ከፍቶ ሲያሞቅ ወጪው ለሁላችሁ ይካፈላል፤ እርስዎ ቢቆጥቡ የሚያገኙት ጥቅም የለም። የኮንዶውን ያለፉት ሦስት ዓመታት በጀት ጠይቀው ክፍያው በስንት በመቶ እንዳደገ ይዩ። ያ ከሁሉ የተሻለ ትንበያ ነው።

«ሶላር ያለበት ቤት መብራት አይከፍልም»

ፓኔሉ የማን ነው? ሻጩ ገዝቶት ከሆነ ጥቅሙ ከቤቱ ጋር ይተላለፋል፤ ያኔም የፔፕኮ ቋሚ ክፍያ አይቀርም፣ በጨለማዎቹ የብርድ ወራትም ከመረቡ መግዛት አለ። በኪራይ ከሆነ ግን ገዢው የሚረከበው ውል ነው፤ ብዙ ጊዜ የ20 ወይም የ25 ዓመት፣ ወርሃዊ ክፍያውም በየዓመቱ ከፍ የሚል። ውሉን ለመረከብ የሶላር ኩባንያው ክሬዲትዎን ሊመረምር ይችላል፣ ክሎዚንጉም በዚሁ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ ኦፈር ከመጻፍዎ በፊት የሶላሩን ውል ሙሉ ቅጂና ያለፉትን 12 ወራት የፔፕኮ ቢል ባንድ ላይ ይጠይቁ። የሁለቱን ክፍያ ደምረው ያለ ሶላር ይከፍሉት ከነበረው ጋር እስኪያስተያዩት ድረስ በበጀትዎ ላይ ሶላሩን ከዕዳ ጎን ይጻፉት።