አሥር ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ታላቅ እህቴ የበረራ አስተናጋጅ ናት፤ ብዙዎቻችን «ሆስተስ» የምንላት። የምትኖረው ከእኛ ጋር ሬንተን ነው፤ ከሲያትል በስተደቡብ። ባለፈው ኅዳር አንድ ማታ ከሥራ ስትመለስ ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ነበር። ጠዋት ሥራ አላት። ሆኖም ሰው ተቀምጦ እሷ ወደ መኝታዋ መሄድ ከበዳት። ይሉኝታ ያዛት። ይሉኝታ «ሰው ምን ይለኛል» እያሉ ራስን ማስጨነቅ ነው፤ እኛ ቤት ብዙ አለ። በረካውን ጠጥታ፣ እንግዶቹን ሸኝታ የተኛችው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው።

በማግስቱ ማታ እንዲህ አለችኝ፦ «አውሮፕላኑ ሊነሣ ሲል በሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ አደጋ ቢመጣ ምን እንደማደርግ እንደ ሁልጊዜው በልቤ እከልስ ነበር። የበሩን እጀታ ወዴት እንደማዞረው ለጥቂት ሰከንድ ጠፋኝ።»

በረራው በሰላም አለቀ። እኔ ግን ደነገጥኩ፤ ያን ማታ «ኧረ ቁጭ በይ፣ ገና በረካ አለ» ያልኳት እኔው ነበርኩ።

የበረራ አስተናጋጅ ሥራ ምግብና መጠጥ ማቅረብ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ቀበቶ እሰሩ፣ ቡና ወይስ ጭማቂ፣ በቃ። ነገር ግን አንድ የአውሮፕላን ዓይነት መንገደኛ እንዲጭን ከመፈቀዱ በፊት፣ ከመውጫዎቹ ግማሾቹ ቢዘጉ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ ሊወጣ እንደሚችል መረጋገጥ አለበት። በሩን ከፍቶ፣ ጮኾ፣ ሰውን የሚያስወጣው አስተናጋጁ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 5 ቀን 2024 ከፖርትላንድ የተነሣ የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ሳለ ግድግዳው ላይ የነበረ የበር መድፈኛ ተገንጥሎ ወደቀ። ውስጡ 171 መንገደኞችና አራት አስተናጋጆች ነበሩ። ማንም አልሞተም። ያ ዓይነት አውሮፕላን የሚገጣጠመው እዚሁ እኛ ከተማ፣ ሬንተን በመሆኑ በዚያ ሰሞን ሰፈሩ ሁሉ ወሬው እሱ ነበር። እህቴ ወሬውን ሰምታ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «አስተናጋጆቹ ስንት ሰዓት ተኝተው ነበር?»

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት አስተናጋጆች በሁለት የሥራ ቀን መካከል የሚሰጣቸው ዕረፍት ቢያንስ 9 ሰዓት ነበር፤ ኩባንያው ከፈለገ ወደ 8 ሊያወርደው ይችል ነበር፣ በኋላ በረጅም ዕረፍት እስከካሰ ድረስ። ለአብራሪዎች ደንቡ የተለወጠው ከአንድ ከባድ አደጋ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩወሪ 12 ቀን 2009 የኮልገን ኩባንያ አውሮፕላን በፋሎ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ረዳት አብራሪዋ የምትኖረው በሲያትል አካባቢ፣ የምትሠራው ግን ከኒውዋርክ ነበር። ከአደጋው በፊት በነበረው ሌሊት በጭነት አውሮፕላን ተሳፍራ፣ ሜምፊስ ላይ ሌላ ቀይራ፣ አገር አቋርጣ ነው ሥራ የገባችው። መርማሪዎቹ ዋናው ምክንያት አብራሪው ለማስጠንቀቂያው የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው አሉ፤ ድካምም የሁለቱንም ብቃት ሳይቀንስ እንዳልቀረ ጻፉ።

የሟቾቹ ቤተሰቦች ዝም አላሉም። ከ2014 ጀምሮ አብራሪዎች 10 ሰዓት ዕረፍት፣ በውስጡም 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የመኝታ ዕድል ተሰጣቸው። ከበስተኋላ ያሉት አስተናጋጆች ግን በዚያው በ9 ሰዓታቸው ቀሩ። አንድ አውሮፕላን፣ ሁለት ዓይነት ዕረፍት! የአሜሪካ ምክር ቤት ለእነሱም 10 ሰዓት ይሁን ብሎ ሕግ ያወጣው በ2018 ነው። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ሕጉን ደንብ አድርጎ ያወጣው ደግሞ በኦክቶበር 2022። አንድ ሰዓት ለመጨመር አራት ዓመት። አሁን 10ሩን ሰዓት ማንም ሊቀንሰው አይችልም።

ይህን ለዘጠኝ ዓመት ልጄ ሳስረዳ አቋረጠችኝ፦ «አባዬ፣ 10 ሰዓት ማለት በእንግሊዝኛ 4 አይደለም እንዴ?» እውነቷን ነው። በአማርኛ «ሰዓት» ሁለት ሥራ አለው፤ «በ10 ሰዓት ና» ስንል ጊዜውን፣ «10 ሰዓት ተኛሁ» ስንል ርዝመቱን እንናገራለን። እናንተም ግራ ከተጋባችሁ አይፈረድባችሁም።

ከልጄ ጋር ወረቀት አውጥተን የእህቴን 10 ሰዓት ቆጠርነው። ከሥራ የምትለቀቀው ከምሽቱ 4፡30 ነው፤ ጠዋት መገኘት ያለባት በ2፡30። ልክ 10 ሰዓት። ከዚያ እስከ ሠራተኞች መኪና ማቆሚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ ቤት መንዳት፦ 5፡30 ሆነ። መታጠብ፣ እራት፣ ለነገ ልብስ ማዘጋጀት፦ 6፡30። ጠዋት ለባብሳ፣ ነድታ፣ መኪና አቁማ፣ በፍተሻ አልፋ በሰዓቱ ለመድረስ 12፡30 መነሣት አለባት። ለእንቅልፍ የቀረው ስድስት ሰዓት ነው፤ ያውም ራሷን ትራሱ ላይ እንዳሳረፈች እንቅልፍ ከወሰዳት። ሌላ ከተማ ሆቴል ስታድርም ወደ ሆቴሉ የሚወስዳት መኪና የሚቆጠረው ከዕረፍቷ ላይ ነው።

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን ልሠራ ወደዚህ አገር ስመጣ ካጠናኋቸው ነገሮች አንዱ የሥራ ፈረቃ በኮምፒውተር መደልደል ነበር። ለፕሮግራሙ «ከ10 በታች አይሁን» ብትሉት፣ ወጪ መቀነስ ስለታዘዘ ደጋግሞ የሚሰጣችሁ ልክ 10 ነው። ሕጉ «ቢያንስ» ያለው ቁጥር በፕሮግራሙ ውስጥ የተለመደው ቁጥር ይሆናል። ያኔ በቁጥሩ ውስጥ አውቶቡስ እንዳለ፣ እራት እንዳለ፣ ይሉኝታ እንዳለ አላሰብኩም። ሳጥን ውስጥ የምሞላው አኃዝ ብቻ ነበር።

አሁን እህቴ በማግስቱ በረራ ካላት እንግዳ አንጠራም፤ ከመጣም ቡናው ቀድሞ ይፈላል፣ እሷን ማንም ቁጭ በይ አይላትም። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል በመጀመሪያ «ሰው ቤት ሲመጣ ገብታ ትተኛለች?» ብላ ተቀይማ ነበር። የእጀታውን ነገር ስነግራት ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ከመደወሏ በፊት መልእክት ትልካለች።

ልጄ ደግሞ በአክስቷ በር ላይ በእጇ ጽፋ የለጠፈችው ወረቀት አለ፦ «አክስቴ ተኝታለች። እስከ 12፡30 አትቀስቅሷት።» የጎረቤታችን ልጅ አይቶ «እኩለ ሌሊት ላይ ልትነሣ ነው?» ብሎ ጠየቃት። ልጄ እስክሪብቶ አምጥታ ከሥሩ «በሐበሻ» ብላ ጨመረችበት።