ባቡር ሲያፏጭ የምትነቃ መንደር

ውድ አንባቢያችን፣ በአሮጌው ባቡር ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው እንደሆነ፣ ባቡሩ ከአንዲት ትንሽ ጣቢያ ሲቆም ከመስኮቱ ሥር የሚሰማው የሻጮች ድምፅ ከጆሮዎ የሚጠፋ አይመስለንም። ውሃ፣ ወተት፣ የተቀቀለ እንቁላል ይዘው የሚሯሯጡት አብዛኞቹ እናቶችና ልጃገረዶች ነበሩ። ዛሬ የምናነሳው ስለ እነሱና ባቡሩ ፈጥሮ ስለ ተዋቸው የሐዲድ ዳር መንደሮች ነው።

የሐዲዱ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በእንፋሎት የሚሄደው ባቡር በየመንገዱ ውሃ መቅዳት ነበረበት። ሐዲዱም ነጠላ በመሆኑ አንዱ ባቡር ቆሞ ሌላውን የሚያሳልፍበት ስፍራ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ በበረሃው መካከል ሳይቀር ጣቢያ ተሠራ። ጣቢያ ካለ የጣቢያ ሹምና ሐዲድ ጠጋኝ አለ፤ ሠራተኛ ካለ ምግብ የምታበስል፣ ሻይ የምታፈላ ሴት ትመጣለች፤ ጎጆ ይቀለሳል፤ ልጅ ይወለዳል። መንደር የተባለው እንዲህ ነው የቆመው።

ዕድላቸው ግን አንድ አልነበረም። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ ከሜዳው ላይ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ የባቡር ጥገናው ስለ ተተከለባት ከተማ ሆነች። በቀድሞው ዘመን ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ መንገደኛውም ድሬዳዋና አዋሽ ያድር ነበር። በዚህም አዋሽ ተጠቀመች። ትንንሾቹ ጣቢያዎች ግን ባቡሩ ከሚቆምባት ጥቂት ደቂቃ በቀር ገበያ አልነበራቸውም።

እስቲ ስለዚያች ጥቂት ደቂቃ ያስቡ። እናት ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ትጋግራለች፤ ልጆቿ ውሃ ይቀዳሉ። ባቡሩ ከዘገየ ምግቡ ይበላሻል፤ ከቀረም የልጆቹ ደብተርና ጨው አብሮ ይቀራል። በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሟ አልሰፈረም፤ ጓዳው ሳይጎድል ወሩ እንዲያልቅ የምታደርገው ግን እሷው ነበረች።

ኋላ የናፍጣ ባቡር መጥቶ በየጣቢያው ውሃ መቅዳት ቀረ። የመኪና መንገድ ጭነቱንም መንገደኛውንም ወሰደ። አሮጌው ባቡር እየተቆራረጠ ሄዶ አዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱ ሐዲድ አለው፤ በየመንደሩም አይቆምም። ፍጥነቱ ለአገር ይጠቅማል፤ በመስኮት ሥር ትሸጥ ለነበረችው እናት ግን ገበያዋ ተዘግቷል።

ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ወይም በጎረቤትዎ በሐዲድ ዳር ያደጉ እናት ካሉ፣ ቡና አፍልተው ያጫውቷቸው። ምን ይሸጡ ነበር? ልጆቻቸውንስ በምን አስተማሩ? የሚሉትንም በደብተር ይጻፉት። የጣቢያው መዝገብ ባቡሩ የደረሰበትንና የተነሣበትን ሰዓት እንጂ፣ በዚያ መካከል ስንት እንጀራ ተሸጦ ስንት ልጅ እንዳደገ አይናገርም። ያን የሚያውቁት እነዚህ እናቶች ናቸው።