እጅ ሲሠራ ልብ ያርፋል

«ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» ይባላል። ይህ ተረት በሥራ ፈት ለመሳቅ የተነገረ ነው። ነገር ግን ረጋ ብለን ስናስበው ሌላም ቁም ነገር አለበት። የሰው እጅ ዝም ብሎ መቀመጥ አይወድም። እጅ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ይበዛል። ሐሳብ ሲበዛ ደግሞ ልብ ይጨነቃል። በተለይ ሐዘን የደረሰበት ሰው ይህን ያውቃል። ቀን ቀን ከሰው ጋር ይውላል። ማታ ብቻውን ሲቀር ግን ያለፈው ሁሉ ይመጣበታል።

ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ጭንቀት የሚያቀል ነገር በቤታችን ይገኛል? አዎን፣ ይገኛል። አንዱ የእጅ ጥበብ ነው። ጥበብ ሲባል የሠዓሊና የዘፋኝ ሥራ ብቻ አይደለም። መሶብ የምትሰፋ ሴት ጥበበኛ ናት። እንስራ የምትሠራም ጥበበኛ ናት። በርኩማ የሚጠርብ፣ ጋቢ የሚሸምን፣ ከብት እየጠበቀ ዋሽንት የሚነፋ ሁሉ ጥበበኛ ነው። ይህን በምሳሌ ለመረዳት እስቲ ወደ ሐረር ከተማ እንሂድ።

የሐረር ቤትና ግድግዳው

ሐረር ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ናት። አሮጌው ከተማ ጀጎል ይባላል። ዙሪያውን በድንጋይ ግንብ ታጥሯል። ግንቡ የተሠራው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ያሠሩትም አሚር ኑር ናቸው ይባላል። አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ዩኔስኮ የተባለው የዓለም ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

በጀጎል ውስጥ ያለው የሐረሪዎች የጥንት ቤት ጌ ጋር ይባላል። የከተማ ቤት ማለት ነው። ወደ ዋናው ክፍል ሲገባ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች ይታያሉ። መደቡን ነደባ ይሉታል። በቀይ አፈር ይቀባል፤ ምንጣፍም ይነጠፍበታል። እንግዳን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን ግድግዳው ነው። ግድግዳው ላይ ስፌት በረድፍ በረድፍ ተሰቅሏል። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ ነው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ጥቁር ሐረግ አለበት።

ከእነዚህ ስፌቶች መካከል የቤቱ እመቤት ራስዋ የሰፋችው ይኖራል። እናትዋ የሰፋችላት ይኖራል። ከአያትዋ የወረሰችውም ይኖራል። ሰፊዋ ከሞተች ብዙ ዘመን ሊሆናት ይችላል። ሥራዋ ግን እዚያው ግድግዳ ላይ አለ። ስለዚህ ግድግዳው እንደ መጽሐፍ ነው ማለት ይቻላል። የቤቱ ሴቶች ታሪክ በስፌት ተጽፎበታል።

ስፌት እንዴት ይሠራል?

ብዙዎቻችን ስፌት እናውቃለን። ግን አሠራሩን አንድ ጊዜ በደንብ እንመልከተው። በመጀመሪያ ሣሩ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። በሌላው የአገራችን ክፍል ስንደዶና አክርማ የሚባሉት ሣሮች ለዚህ ሥራ ይውላሉ። ከሣሩ የተወሰነው ቀለም ይነከራል። ቀለም የገባው ስንደዶ አለላ ይባላል።

ሥራው የሚጀመረው ከመሃል ነው። ጥቂት ሣር ባንድነት ይያዝና በላዩ ላይ ሌላ ሣር ይጠመጠማል። ከዚያ በወስፌ እየተበሳ አንዱ ዙር ከሌላው ዙር ጋር ይያያዛል። ሣሩ እንዳይሰበር በውሃ ይርሳል። እንዲህ እየዞረ፣ እየዞረ፣ ስፌቱ ይሰፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው ነው። ትልቅ ስፌት ወራት ይፈጃል።

ሐረጉን የሚያወጣው ቁጥር ነው። ሰፊዋ ስንት ጊዜ በቀይ፣ ስንት ጊዜ በጥቁር እንደምትጠመጥም ትቆጥራለች። በቁጥሩ ከተሳሳተች ሐረጉ ይጣመማል። ያን ጊዜ የተሰፋው ይፈታል። እንደገናም ይጀመራል።

ይህ ሥራ ልብን እንዴት ያሳርፋል?

አንደኛ፣ ስፌት የሚሰፋ ሰው ሐሳቡን ይሰበስባል። መቁጠር አለበት፤ ወስፌው እንዳይወጋውም መጠንቀቅ አለበት። እጁ ደግሞ አንዱን ነገር እየደጋገመ ይሠራል። በዚህ ጊዜ ልብ እየዞረ ወደ ሐዘኑ የሚሄድበት ፋታ ያጣል። ትንፋሽም ረጋ ይላል።

ሁለተኛ፣ የሠራው ነገር በዓይኑ ይታየዋል። የተጨነቀ ሰው «እኔ ለምንም አልረባም» ይላል። ነገር ግን ትናንት ሦስት ዙር የነበረው ስፌት ዛሬ አምስት ዙር ሆኗል። ይህን ማንም ሊክደው አይችልም። ሰውየው ትንሽም ብትሆን አንድ ነገር እንደሠራ ያያል።

ሦስተኛ፣ ስሕተት መፍትሔ እንዳለው ያስተምራል። የተጣመመው ይፈታል፤ ሣሩ ግን አይጣልም። እናት ልጅዋን ስፌት ስታስተምር «ተሳሳትኩ ብለሽ አታልቅሺ፤ ፍቺውና ከዚያው ቀጥይ» ትላታለች። ይህ ምክር ለስፌት ብቻ ሳይሆን ለኑሮም ያገለግላል።

አራተኛ፣ ሰውን ከሰው ያገናኛል። በሐረር ልጃገረዶች ባንድ ባለሙያ ሴት ቤት ተሰብስበው ስፌት ይማሩ ነበር። እጅ ሲሠራ አፍ ይጫወታል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ቢጠየቁ የማይናገሩት ጭንቀት፣ ዓይን ሥራ ላይ ሲሆን ቀስ ብሎ ይወጣል። ሰሚም ያገኛል።

ምስጋና በስፌት

ስፌት ልብን ከማሳረፉም ሌላ ለምስጋና ይሆናል። በሐረሪዎች ባህል ልጃገረድ ከማግባትዋ በፊት ስፌት ትሰፋለች። ስታገባም ስፌቶችዋን ይዛ ወደ አዲሱ ቤትዋ ትገባለች። ስፌት ለሠርግ ስጦታም ይሰጣል።

በሐረር አፎቻ የሚባል ማኅበር አለ። እንደ ዕድር ያለ ነው። ወንዶች የራሳቸው፣ ሴቶችም የራሳቸው አፎቻ አላቸው። ሠርግ ሲሆን አብረው ይደግሳሉ፤ ሞት ሲደርስ አብረው ያለቅሳሉ። በደስታውም ሆነ በሐዘኑ ምግብ በስፌት ይቀርባል። ያን ስፌት የሰፋች ሴት በጎረቤትዋ ሐዘን ላይ እጅዋ አለበት ማለት ነው።

«አመሰግናለሁ» ማለት ጥሩ ነው። ግን ቃል ቶሎ ይረሳል። ወራት የተደከመበት ስፌት ግን አይረሳም። ሰፊዋ እያንዳንዱን ዙር ስትጠመጥም የምትሰጠውን ሰው ታስባለች። ያሳደገቻትን፣ ያስተማረቻትን፣ በችግርዋ ጊዜ የደረሰችላትን ታስታውሳለች። ያጣነውን ብቻ ስንቆጥር የነበርን ሰዎች እንዲህ እያልን የተደረገልንንም መቁጠር እንጀምራለን። ምስጋና ማለት ይኸው ነው።

ጥበብ ለሴት ብቻ አይደለም። የሐረር ወንዶችም መጽሐፍ በእጃቸው በመጻፍና በመጠረዝ ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው። ይህም እንደ ስፌት ትዕግሥትና ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የጤና ባለሙያዎች ምን ይላሉ?

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2012 ዓ.ም. አንድ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ጽሑፉ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን ያየ ነው። ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ጭፈራና የእጅ ሥራ ለሰው ጤንነት እንደሚረዱ፣ ጭንቀትንም እንደሚያቀሉ ይገልጻል። በብዙ አገሮችም ሐኪም ቤቶች ለሕሙማን የእጅ ሥራ ይሰጣሉ።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መሳት የለብንም። ጥበብ የራበውን አያጠግብም። የመድኃኒትንም ቦታ አይተካም። አንድ ሰው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካስጠላው፣ ወይም ሞቱን ከተመኘ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ይህ የሚታከም ሕመም ነው፤ አያሳፍርም። ሕክምናውን እየተከታተለ እጁን በሥራ ቢይዝ ደግሞ ይረዳዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዛሬ የፕላስቲክና የብረት ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል። ርካሽ ነው፤ ቶሎም ይገኛል። ልጆችም ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን እናቶች የሚያውቁትን ጥበብ ለልጆቻቸው ሳያስተምሩ ካለፉ፣ የሚጠፋው ዕቃው ብቻ አይደለም። ልብን የማሳረፊያ አንድ መንገድም አብሮ ይጠፋል።

ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ወስፌና ጥቂት ሣር ይበቃል። እንጨት መጥረብ የሚችል ይጥረብ። በትልቅ መሶብ አንጀምር፤ በትንሽ ሙዳይ እንጀምር። ባይምርም ግድ የለም። ማታ ማታ ጥቂት ዙር እንስፋ። ሐዘን ላይ ያለች ጎረቤት ካለችን «ነይ፣ አብረን እንስፋ» እንበላት። ሲያልቅም ለአንድ ውለታ ለዋለልን ሰው እንስጠው።

ፊደል ስንማርም ያደረግነው ይህንኑ ነበር። መጀመሪያ እጃችን ተንቀጠቀጠ። ጻፍን፣ ሰረዝን፣ እንደገና ጻፍን። ፊደል በፊደል ላይ ሲጨመር ቃል ሆነ። ስፌትም እንዲሁ ዙር በዙር ላይ ሲጨመር መሶብ ይሆናል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. የሐረር ቤት ግድግዳ እንደ መጽሐፍ ነው የተባለው ለምንድን ነው?
2. የእጅ ሥራ ልብን የሚያሳርፍባቸውን አራት ምክንያቶች ተናገሩ።
3. የተጨነቀ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያለበት መቼ ነው?
4. በመንደራችሁ እየጠፋ ያለ የእጅ ጥበብ አለ? የሚያውቀው ማን ነው? ከማን ልትማሩት ትችላላችሁ?