ወተቱ ቢፈላም የማይጠፋው መርዝ

ባለፈው ክረምት ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከየካ ክፍለ ከተማ፣ አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጃቸውን ተቅማጥ ይዞት አምጥተውት ነበር። መድኃኒቱን ካዘዝኩ በኋላ ስለ ወተቱ ጠየቅኋቸው። «ዶክተር፣ ላሟ የራሳችን ናት፤ ወተቱንም በደንብ አፍልቼ ነው የማጠጣው» አሉኝ። ላሟስ ምን ትበላለች? «ሣር፣ አተላ፣ ፋጉሎ፤ የሻገተ እንጀራም ቢሆን አንጥልም።»

ማፍላታቸው ትክክል ነው። በጥሬ ወተት የሚተላለፉት የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ በሙቀት ይጠፋሉ። ያሳሰበኝ ፋጉሎውና የሻገተው እንጀራ ነው።

ሣር ከፀሐይ ያገኘውን ጉልበት ላሟ ስትበላ፣ አብዛኛው ለሰውነቷ ሙቀትና እንቅስቃሴ ይውላል፤ ቀላል የማይባለውም በእበት ይወጣል። በምግብ ሰንሰለት ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ጉልበት በአማካይ ከመቶ አሥር እጅ ገደማ ነው። መርዝ ግን እንዲህ በየደረጃው እየሳሳ ላይሄድ ይችላል። እንደ ዲዲቲ ያለው በስብ ውስጥ እየተጠራቀመ ወደ ላይ ሲወጣ ይበረታል። ከሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን እንደዚያ አይጠራቀምም፤ ላሟ በበላችው በአንድ ቀን ውስጥ ግን ጥቂቱ መልኩን ቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገኛል። ማፍላትም አያጠፋውም።

ጉርድ ሾላ አጠገብ ግቢ ያለው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ተመራማሪዎች በአዲስ አበባና አካባቢዋ ያደረጉት ጥናት በ2008 ዓ.ም ታትሟል። ከ110 የወተት ናሙናዎች በሁሉም ውስጥ አፍላቶክሲን ተገኝቷል። የአውሮፓ ኅብረት ከፈቀደው በሊትር 0.05 ማይክሮ ግራም በታች የሆኑት 9 ብቻ ነበሩ። ከመኖዎቹ መካከል በብክለቱ ጎልቶ የወጣው የኑግ ፋጉሎ ነው። ዜናው ያኔ ብዙ ሰው አስደንግጦ ነበር፤ እኔ ግን ወተት አቁሙ አልልም። ለሕፃን የወተትን ያህል ገንቢ ምግብ በቀላሉ አይገኝም።

አፍላቶክሲን በአንድ ብርጭቆ አያሳምምም። ጉዳቱ ለዓመታት በጉበት ላይ ነው፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ አዋቂዎች ብትመረመሩ፣ ሕፃናትም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጠው ክትባት ባያመልጣቸው እመክራለሁ፤ የሄፓታይተስ ቢ መከላከያው በውስጡ አለ።

በእንጦጦ ሥር ክረምቱ እርጥብ ነው። ፋጉሎ በመሬት ላይ ከተከመረ ይሻግታል፤ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳው ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ለብዙ ወር የሚሆንም አትግዙ። ሻጋታ ሁሉ አፍላቶክሲን ባያመነጭም በዓይን መለየት አይቻልምና የሻገተ እንጀራም ሆነ እህል ለላምም ለዶሮም አትስጡ። ወተት የምትገዙም ባለላሞቹን ምን እንደሚያበሏቸው ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

እኚያ እናት «እስካሁን የጠጣውስ?» ብለው ደንግጠው ነበር። የተበከለው መኖ ሲቆም ወተቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደሚጠራ ነገርኳቸው። ልጁ ወተቱን አላቋረጠም፤ የተቋረጠው የላሟ ሻጋታ እንጀራ ነው።