የጀሞ ደረጃ እና የእግር ማሽን

አብዛኞቹ የአዲስ አበባ ጀሞ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ብሎኮች ሊፍት የላቸውም። አራተኛ ፎቅ የሚኖር ሰው ለዳቦም፣ ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለሐኪም ቤትም ደረጃውን ይወጣል ይወርዳል። ውኃ ሲጠፋ ደግሞ 20 ሊትር ጀሪካን ይጨመርበታል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው በተለይ ከጭን ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ጡንቻ ነው። በሰፈሩ ጂሞች ግን ወጣቱ ወረፋ የሚጠብቀው ለደረትና ለክንድ ነው፤ የእግር ማሽኑ ብዙ ጊዜ ጥግ ላይ ባዶውን ይቆማል። በእኔ እምነት ለጀሞ ከሁሉም የሚያስፈልገው እሱ ነው። ከማንም በላይ የሚጠቅመውም ጂም ደጃፍ ረግጠው ለማያውቁት የስድሳና የሰባ ዓመት እናቶችና አባቶች ነው።

ማሽኑን ጂም የሚሠሩ ሰዎች ሌግ ኤክስቴንሽን ይሉታል። ወንበር አለው፤ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚያርፍ ስፖንጅ የለበሰ ዘንግ አለው፤ ከጎኑ እንደ ጡብ የተደረደሩ ብረቶች አሉ። የሚፈለገው ኪሎ ላይ ፒን ይሰካል። እግር ሲዘረጋ ገመዱ በመዘውር ላይ ይሳብና ከፒኑ በላይ ያለው ብረት በሙሉ ይነሣል። ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር በብዙ ማሽኖች ላይ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ወደ አንድ ጎን ያበጠ ነው። ጉልበት ገና ሲታጠፍና ሊዘረጋ ሲል የምናወጣው ኃይል እኩል ስላልሆነ፣ ያ እብጠት ጡንቻው በሚበረታበት ቦታ ሸክሙን ያከብደዋል፣ በሚደክምበት ያቀለዋል። ስዊድናዊው ሐኪም ጉስታቭ ዛንደር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስቶክሆልም ውስጥ በማሽን የሚሠራ ሕክምና ቢጀምሩም፣ ይህን ዓይነቱን መዘውር በዓለም ጂሞች ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1970 ናውቲለስ የተባሉ ማሽኖቹን ለገበያ ያቀረበው አሜሪካዊው አርተር ጆንስ ነው።

ብረቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። ተንቀሳቃሽ መዘውር ሸክሙን በግማሽ ያቀላል፤ በ45 ዲግሪ ባጋደለ ሌግ ፕሬስ (በእግር ተገፍቶ የሚሠራ ማሽን) ላይ የተጫነ 100 ኪሎም እግር ላይ የሚያርፈው 71 ኪሎ ገደማ ሆኖ ነው። ስለዚህ የአንዱ ጂም 40 ኪሎ የሌላው 40 ኪሎ አይደለም። ቁጥሩ የሚጠቅመው በዚያው ማሽን ላይ ያለፈውን ወር ከዚህ ወር ጋር ለማስተያየት ነው።

የማሽኑን አቅም ከሁሉ በላይ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የቦስተን ጥናት ነው። ዶክተር ማሪያ ፊያታሮኔና ባልደረቦቻቸው በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ 10 አቅመ ደካሞችን ለ8 ሳምንታት የጭን ጡንቻቸውን በከባድ ክብደት አሠሯቸው። የተመረጠላቸው ቀላል ክብደት አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማንሣት ከሚችሉት እስከ 80 በመቶ ድረስ ነበር። ሥልጠናውን የጨረሱት የዘጠኙ ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ሁለቱ ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመሩ። ጡንቻቸው ግን የወፈረው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጉልበት በአብዛኛው ከውፍረት ቀድሞ ይመጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠለጥነው ነርቭ ነውና፣ አንጎል ቀድሞ ሥራ ፈተው የነበሩ የጡንቻ ክሮችን በአንድ ጊዜ ማዘዝ ይለምዳል። ሥልጠናው ለ4 ሳምንታት ሲቋረጥ ደግሞ ጉልበታቸው በ32 በመቶ ወረደ። ይህ ነገር ለአንድ ሰሞን ተሠርቶ የሚተው አይደለም።

ማሽን ከዳምቤልና ከባርቤል ይበልጣል ወይ የሚለው ክርክር የሚካረርበትን ያህል አይደለም። ጡንቻን በማወፈር ተቀራራቢ ናቸው፤ ጉልበት ግን በተለማመዱበት እንቅስቃሴ ላይ የበለጠ ይጨምራል። ማሽን መንገዱን ይዞ ስለሚሄድ ለጀማሪና ሚዛን ለሚያስቸግረው ሰው ይመቻል። ደረጃ ግን ወንበር ላይ ተቀምጠው አይወጡትም። ስለዚህ ከማሽኑ ጋር እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሣትና አንድ ደረጃ ደጋግሞ መውጣት መግባት አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ነው። ማሽኑ ላይ ሲቀመጡ የጉልበት መገጣጠሚያ ከማሽኑ መዞሪያ ትይዩ እንዲሆን የወንበሩ መደገፊያ ይስተካከላል። ሲገፉ መተንፈስ ነው፤ ትንፋሽ ማፈን የደም ግፊትን በአንዴ ይሰቅላል። ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። ጥሩ አሠልጣኝ «አይዞዎት እማማ፣ እየተነፈሱ፣ ሲያወርዱም ቀስ ብለው» ሲል ነው የሚታወቀው፤ ብረቱን በዝግታ ማውረዱም ጡንቻውን ያሠራዋልና።

የጀሞ ጂም ባለቤቶችን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ወጣቱ ሥራና ትምህርት ላይ በሚሆንበት ከረፋዱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ለአረጋውያን በቅናሽ ክፈቱ። አንድ ፒን ወደ ታች መውረድ 5 ኪሎ በሚጨምርበት ማሽን ላይ ደግሞ የ1 ኪሎና የ2 ኪሎ ተደራቢ ብረቶች አስቀምጡ። 5 ኪሎ ለሃያ ዓመት ጎረምሳ ምንም አይደለም፤ 10 ኪሎ ለምትገፋ እናት ግን ሸክሟን በአንዴ በግማሽ ማሳደግ ነው።