ከአፋር ምድር እስከ መስታወት ሣጥን፦ በአንድ ቀን በእግር የሚጎበኙ የአዲስ አበባ ሙዚየሞች

ከኮምቦልቻ በመኪና ተነሥተው አዲስ አበባን ለመጎብኘት የወጡ ባልና ሚስት ይታሰቡ። የደብረ ብርሃኑን መንገድ ትተው በባቲ በኩል ወደ ቆላው ይወርዳሉ። ሚሌ ሲደርሱ ወደ ደቡብ ይታጠፋሉ፤ ከዚያም ገዋኔን፣ አዋሽንና አዳማን አልፈው በማግስቱ ዋና ከተማዋ ይገባሉ። በመንገዳቸው ግራና ቀኝ የሚያዩት ደረቅ ሜዳ፣ ጎርፍ የሸረሸረው ገደልና የግመል መንጋ ነው። ለመንገደኛ ዐይን ባዶ መሬት ይመስላል። ይሁን እንጂ በሦስተኛው ቀን በአዲስ አበባ ሙዚየሞች ውስጥ ከሚያዩአቸው ቅርሶች መካከል በዓለም ዘንድ እጅግ የታወቁት የተገኙት ከዚያው ምድር ነው።

ይህን ጉብኝት ለማድረግ በከተማዋ ውስጥ መኪና አያስፈልግም። ከስድስት ኪሎ በአምስት ኪሎና በአራት ኪሎ አድርጎ ፒያሳ የሚያደርሰው ጎዳና ርዝመቱ ከሦስት ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጉዞውን ከላይ ከስድስት ኪሎ መጀመር ይመረጣል፤ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ በአብዛኛው ቁልቁለት ነውና። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከቆላ የመጣ ሰው ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል።

ስድስት ኪሎ፦ ቤተ መንግሥት የነበረው ሙዚየም

የመጀመሪያው ማረፊያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚገኘው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ነው። ሕንፃው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ከታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሰጥተውታል። የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌዪቱ መኝታ ክፍሎች ዛሬም ለጎብኚ ክፍት ናቸው።

ገበሬን ይበልጥ የሚስበው ግን የሕዝቡን ሕይወት የሚያሳየው ክፍል ነው። ዕቃዎቹ የተደረደሩት በክልል ወይም በብሔረሰብ ተለይተው ሳይሆን የሰውን ዕድሜ ተከትለው ነው፤ ከልደትና ከልጅነት ተነሥተው በጉልምስና አድርገው እስከ ሞት ይደርሳሉ። ጎብኚው በቤቱ የሚያውቀውን ዓይነት የእርሻ መሣሪያና የጓዳ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ሲያይ መገረሙ አይቀርም። ሙዚየም የነገሥታት ዘውድ ማኖሪያ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ቦታ አይገኝም።

ከግቢው በር ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ የሰማዕታት ሐውልት ይታያል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በዚሁ ቤተ መንግሥት ግቢ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ፤ የፋሺስት ጦር በአጸፋው በሦስት ቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማዋን ነዋሪዎች ፈጀ። ጎብኚዎቹ ጭፍጨፋው የተጀመረበትን ግቢና የመታሰቢያውን ሐውልት በጥቂት እርምጃ ልዩነት ያገኟቸዋል።

አምስት ኪሎ፦ ድንቅነሽና የአገሯ ልጆች

ከስድስት ኪሎ ጥቂት ወረድ ሲባል ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ባልና ሚስቱ ያለፉበት መንገድ ትርጉም የሚገለጠው እዚህ ነው። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ከባቲ ወደ ሚሌ ከሚወስደው መንገድ ብዙም በማይርቀው ሐዳር ነው። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን፣ የአጽሟ 40 በመቶ ገደማ ተገኝቷል። ከአዋሽ ወንዝ ማዶ ዲኪካ በተባለው ስፍራ በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራ ቡድን በ1993 ዓ.ም. የሕፃን አጽም አገኘ። ሰላም የተባለችው ይህች ሕፃን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች ናት።

ከገዋኔ በስተምዕራብ ያለው የመካከለኛው አዋሽ ሸለቆም እንዲሁ ባለጸጋ ነው። በአራሚስ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት አርዲ፣ በሄርቶ ደግሞ 160 ሺህ ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዘመናዊ ሰው የራስ ቅሎች ተገኝተዋል።

ብዙ ጎብኚዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አለ፤ ይህ የድንቅነሽ እውነተኛ አጥንት ነውን? ለሕዝብ እንዲታይ የሚቀመጠው በጥንቃቄ የተሠራ ቅጂ ነው። ዋናው አጽም ከብርሃን፣ ከእርጥበትና ከንክኪ ተጠብቆ በልዩ ማኖሪያ ክፍል ይቀመጣል። ይህ ጎብኚን ማታለል አይደለም፤ ቅርሱ ገና ላልተወለዱ ተመራማሪዎችና ጎብኚዎች እንዲደርስ ማድረግ እንጂ።

ዕድሜው እንዴት ታወቀ?

ጎርፍ በቆረጠው ገደል አጠገብ የሚያርስ ገበሬ የአፈሩ ቀለም እንደ ተደራረበ እንጀራ በንብርብር የተለያየ መሆኑን ያውቃል። የአፋር ምድርም እንዲሁ ነው። በንብርብሮቹ መካከል ከጥንት እሳተ ገሞራ የወረደ አመድ አለ። በአመዱ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት ፖታስየም የተባለ ንጥረ ነገር አላቸው፤ የዚህ ንጥረ ነገር ጥቂቱ በታወቀ ፍጥነት ወደ አርገን ጋዝ ይለወጣል። እሳተ ገሞራው ሲፈነዳ ሙቀቱ የቀድሞውን ጋዝ ስለሚያስወጣው ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ በላብራቶሪ የተከማቸውን ጋዝ በመለካት አመዱ የወረደበትን ዘመን ማወቅ ይቻላል። አጥንቱ የተገኘው በሁለት የአመድ ንብርብሮች መካከል ከሆነ ዕድሜው ከታችኛው ያንሳል፤ ከላይኛው ይበልጣል።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር አለ። አጥንቱ የሚናገረው ከቦታው ጋር ሲሆን ነው። ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ሳይታወቅ ተነሥቶ ገበያ የወጣ ቅሪተ አካል ወይም ጥንታዊ ሳንቲም ታሪኩን አብዛኛውን ያጣል። ምንም ያህል የተማረ ባለሙያ ቢመጣ የጠፋውን መረጃ መመለስ አይችልም።

ሲያርሱ ወይም ሲቆፍሩ ቅርስ ቢገኝ

ይህ ጉዳይ የአፋር ብቻ አይደለም። ጉድጓድ ሲቆፈር፣ የቤት መሠረት ሲወጣ፣ እርከን ሲሠራ ወይም ማሳ ሲታረስ የሸክላ ስብርባሪ፣ የተቀረጸ ድንጋይ፣ ሳንቲም ወይም ያልተለመደ አጥንት ሊወጣ ይችላል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅና የሚመለከተው አካል እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቀው ያዛል። ቅርሱን ላስረከበ ሰው ተገቢው ሽልማት እንዲሰጥም ይደነግጋል።

ስለዚህ ቁፋሮውን በዚያ ቦታ ማቆም፣ ዕቃውን አለማጠብና አለመፋቅ፣ የተገኘበትን ስፍራና ጥልቀት በምልክት መያዝ፣ ከዚያም በወረዳው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይገባል።

ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ

በአራት ኪሎ አደባባይ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የተገኘውን ነጻነት የሚዘክር ሐውልት ቆሟል። በአቅራቢያው ባለው የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ የዱር እንስሳትና የአእዋፍ ስብስብ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚወስደው ጎዳና ፒያሳ ያደርሳል። በዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ዙሪያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልና የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ይገኛሉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድል ያደረገው ጦር በአብዛኛው ስንቁን በጫንቃውና በአጋሰስ ጭኖ የዘመተ ገበሬ ነበር። በዚህም ምክንያት ይህ የቀኑ መጨረሻ ከቀኑ መጀመሪያ ጋር ይገናኛል፤ ጠዋት በስድስት ኪሎ የገበሬው ዕቃ ታየ፣ ከሰዓት በኋላ በፒያሳ የገበሬው ተጋድሎ ይታያል።

የአዲስ አበባ ሙዚየምና የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የሚገኙት መስቀል አደባባይ አካባቢ ስለሆነ ለሌላ ቀን ማቆየት ይሻላል። ጎብኚዎች መታወቂያ መያዝ፣ የመክፈቻ ቀንና ሰዓትን አስቀድመው መጠየቅ፣ ፎቶግራፍ ከማንሳታቸው በፊትም ማስፈቀድ ይኖርባቸዋል።

የዓድዋ መታሰቢያ የቆመበት ስፍራ ሲገነባ ዜሮ ኪሎ ሜትር ተብሎም ይጠራ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ወደየአቅጣጫው የሚወጣው መንገድ ርቀት የሚቆጠርበት መነሻ ነውና። ባልና ሚስቱም የመልስ ጉዟቸውን የሚቆጥሩት ከዚያው ነው። ሚሌን አልፈው ወደ ባቲ ሲወጡ ያ ደረቅ ሜዳ እንደ መጀመሪያው ቀን ባዶ መስሎ አይታያቸውም።